መብራት ሲጠፋ ሻማ አለ፤ ማዳበሪያ ሲጠፋስ?

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ በቴሌግራም አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። «አንብበውና ሐሳብህን ንገረኝ» አለኝ። ጥያቄው ትልቅ ነው። የዛሬው ዓለም ሥልጣኔ እንዳይፈርስ ከሁሉ በላይ የተደገፈው በምን ላይ ነው? የጸሐፊው መልስ አንድ ቃል ነው፤ ኤሌክትሪክ። ጽሑፉ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ደስታ ገና ሳይበርድ የተጻፈ ነው። ያ ደስታ የእኔም ነበር። ጽሑፉንም ወድጄዋለሁ። በደንብ የታሰበበት ነው።

ግን በመልሱ አልተስማማሁም። ለወዳጄ በስልክ ላስረዳው ሞከርኩ፤ ነገሩ ረዘመ። ስለዚህ ጻፍኩት።

ጸሐፊው አምስት ነገር ይላሉ። መብራት ለአንድ ወር ቢጠፋ ሥልጣኔ የሚባል ነገር አይተርፍም። ምግባችንም ቢሆን በኤሌክትሪክ የሚመጣ ነው። ማዳበሪያን እንደ ዋና ነገር የሚያነሡ ሰዎች ተሳስተዋል፤ አባቶቻችን በፍግና መሬት በማሳደር ኖረዋል። የማዳበሪያ ፋብሪካውስ ያለ ኤሌክትሪክ መቼ ይሠራል? በመጨረሻም፣ ዓለም በቂ ምግብ አላት፤ ችግሩ የክፍፍል ነው።

የእኔ መልስ እሳቸው በሦስተኛው ነጥብ አቃልለው ያለፉት ነገር ነው፤ ማዳበሪያ። በተለይ ደግሞ ከአየር ላይ ተይዞ በፋብሪካ የሚሠራው፣ የተክል ዋና ምግብ የሆነው ናይትሮጅን። ገበሬው ዩሪያ የሚለው ነጭ ፍሬ ማለት ነው። እንደ እሳቸው ነጥብ በነጥብ ልሂድ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። «መብራት ለአንድ ወር ቢጠፋ ሥልጣኔ አይተርፍም።»

መብራት መጥፋት ቀላል ነገር ነው አልልም። በኦክስጅን ማሽን የሚተነፍስ ሰው ላለበት ቤት አንድ ሰዓትም ረጅም ነው። ግን እስካሁን መብራት በጠፋባቸው አገሮች የሆነውን እንይ። ኤፕሪል 28 ቀን 2025 እኩለ ቀን አካባቢ ስፔን ውስጥ በአምስት ሰከንድ ብቻ 15 ሺህ ሜጋ ዋት ገደማ ከመስመር ወጣ። የሕዳሴ ግድብ ሙሉ አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ሦስት የሕዳሴ ግድብ ባንድ ጊዜ እንደ ማጣት ነው። ስፔንና ፖርቱጋል ጨለሙ። ባቡሮች መሐል መንገድ ላይ ቆሙ፣ ሰው ሊፍት ውስጥ ቀረ፣ የባንክ ካርድ አልሠራ አለ። በማግስቱ ጠዋት አብዛኛው ተመለሰ።

በጁላይ 2012 መጨረሻ ሕንድ ውስጥ ከ600 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርበት አካባቢ መብራት አጣ። እስከ ዛሬ ከታየው ሁሉ ትልቁ ነበር። እሱም ብዙ ሳይቆይ ተመለሰ። በማርች 1989 ከፀሐይ የተነሣ ማዕበል የካናዳዋን ኩቤክ መብራት አጠፋ። ስድስት ሚሊዮን ሰው ዘጠኝ ሰዓት ያህል በጨለማ ቆየ።

ከሁሉም የከፋው ፖርቶ ሪኮ ላይ የደረሰው ነው። በሴፕቴምበር 2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ የደሴቲቱን የመብራት መስመር ድምጥማጡን አጠፋው። የመጨረሻዎቹ ቤቶች መብራት ያገኙት ከ11 ወር ገደማ በኋላ ነው። ወደ 3 ሺህ የሚጠጋ ሰው በዚያ ሰበብ እንደሞተ ተገምቷል። ይህ ከባድ ሐዘን ነው፤ የጸሐፊውን ስጋት የሚደግፍ ምሳሌ ካለም ይህ ነው። ግን የተባለው አንድ ወር አልፎ 11 ወር ሆነ፤ ፖርቶ ሪኮ አልፈረሰችም። ለምን? ምግብ በመርከብ መጣላት። ደሴቲቱ ድሮም የምትበላውን አብዛኛውን ከውጭ ነው የምታስገባው። ሌላ አገር፣ ሌላ ማሳ ላይ፣ ያን ዓመት አዝመራ ተሰብስቦ ነበር።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። መብራት ሲመለስ ሁሉም ነገር ካቆመበት ይቀጥላል። ሰፈር ውስጥ ልጆች «መጣ!» ብለው ይጮኻሉ፣ ፍሪጁ ማጉረምረም ይጀምራል፣ አለቀ። ያመለጠ የዘር ወቅት ግን ተመልሶ አይመጣም። ሐምሌ ላይ ያልተደረገውን መስከረም ላይ አታደርገውም። አንድ ዓመት ትጠብቃለህ። በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ደግሞ በየቀኑ መብላት አለብህ።

ይህን መጽሐፍ ላይ አንብቤ አይደለም የማወራው። ያደግኩት ምሥራቅ ጎጃም፣ ጤፍ ከሚዘራበት ደጋ ነው። ልጅ ሆኜ አንድ ክረምት ማዳበሪያው ዘገየ። ለምን እንደዘገየ የነገረን የለም። አጎቴ በየሁለት ቀኑ ወደ ከተማ ይወርዳል፣ ባዶ እጁን ይመለሳል። «ለሚቀጥለው ሳምንት ተብሏል» ይላል። ሐምሌ ሊወጣ ሲል ዘሩን ዝም ብሎ በተነው። ምን ያድርግ? ዝናቡ አይጠብቀውም። ማዳበሪያው ነሐሴ ማለቂያ ላይ መጣ። እስከዚያ ጤፉ ቢጫ ሆኖ ነበር። የታመመ ልጅ ፊት ነው የሚመስለው። ከሁለት ጥማድ መሬት ስምንት ኩንታል ይጠብቅ የነበረ ሰው ሦስት ተኩል አገባ። በቀጣዩ ዓመት ግንቦት ላይ አንዱን በሬ ሸጠ። ከዚያ በኋላ ሲያርስ የሰው በሬ እያቀናጀ ነበር።

በዚያ ቤት መብራት አልነበረም። ኩራዝ ነበር። መብራት አጥተን ማንም ከብት አልሸጠም። ዛሬም ከአገራችን ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው ከመብራት መስመር ውጭ ይኖራል። ይህ የሚያስቆጭ ነገር ነው፤ መለወጥ አለበት። ግን ሰው ያለ መብራት እየኖረ ነው። ያለ አዝመራ የሚኖር ሰው አላየሁም።

«አንድ ዓመት ቢበላሽ ዓለም ክምችት አላት» የሚል ይኖራል። አላት። በመላው ዓለም ጎተራ ውስጥ ያለው እህል የዓመት ፍጆታችንን ሲሶ ቢጠጋ ነው። የአራት ወር ስንቅ እንኳ አይሞላም። ከዚያም ውስጥ ትልቁ ድርሻ ያለው ቻይና ነው። ለሁሉም ሰው ክፍት የሆነ ጎተራ አይደለም።

ሁለተኛው ነጥባቸው «ምግቡም ራሱ በኤሌክትሪክ ነው የሚመጣው» የሚል ነው። ወፍጮው፣ ማቀዝቀዣው፣ የውኃ ፓምፑ፣ ዳቦ ቤቱ። ልክ ናቸው፤ ብዙ የምከራከርበት አይደለም። ግን እነዚህ ሁሉ ያለውን ምግብ ይፈጫሉ፣ ያቀዘቅዛሉ፣ ይጋግራሉ እንጂ ምግብ አይፈጥሩም። ለወፍጮ ጀነሬተር አለ፣ የናፍጣ ወፍጮ አለ፣ ከባሰም የድንጋይ ወፍጮ አለ። እናቶቻችን ያውቁታል፤ ወገብ ይሰብራል፣ ግን ይፈጫል። ማሳው ውስጥ ለጠፋው ናይትሮጅን ጀነሬተር የለውም።

አሁን ወደ ሦስተኛው። ብዙ ልቆይበት የምፈልገው እዚህ ነው። ምክንያቱም ይህን አባባል ከጸሐፊው ብቻ አይደለም የምሰማው። አዲስ አበባ ካፌ ውስጥም፣ ውጭ አገር ካሉ ዘመዶቼም እሰማዋለሁ። «አባቶቻችን ያለ ማዳበሪያ ኖረዋል። መሬቱን ያበላሸው ኬሚካሉ ነው።»

አባቶቻችን እንዴት እንደኖሩ እንይ። መሬት ያሳድሩ ነበር። እዳሪ ይተዉ ነበር። ጤፍ በዘሩበት በቀጣዩ ዓመት ባቄላ፣ አተር ወይም ጓያ ይዘሩ ነበር። ይህ ትልቅ ዕውቀት ነው። የባቄላ ሥር ላይ ያሉት ትንንሽ እብጠቶች ውስጥ ናይትሮጅንን ከአየር ይዘው ለተክሉ የሚሰጡ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። አባቶቻችን ባክቴሪያውን ባያውቁትም ውጤቱን ያውቁት ነበር። እኔም ይህ እንዲቀጥል እፈልጋለሁ።

ግን ያ ዘዴ የሚያዋጣው ሰፊ መሬትና ጥቂት ሕዝብ ሲኖር ነው። በ1950 ኢትዮጵያ ውስጥ 18 ሚሊዮን ገደማ ሰው ነበር። ዛሬ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነን። መሬቱ አልሰፋም። አራት ልጅ ያለው ገበሬ ግማሽ ሄክታሩን «ዘንድሮ ይደር» ብሎ ይተወዋል? ልጆቹስ ምን ይበላሉ? ዓለምም እንደዚያው ናት። በ1900 ወደ 1.6 ቢሊዮን ሰው ነበር። በኖቬምበር 2022 ስምንት ቢሊዮን ሞላን።

ፍጉንም እናስላው። ከአንድ ሄክታር 30 ኩንታል ስንዴ ያጨደ ገበሬ በእህሉ ብቻ 60 ኪሎ ገደማ ናይትሮጅን ከመሬቱ ይዞ ይወጣል። ገለባውን ገና አልቆጠርንም። ያን 60 ኪሎ በደረቅ ፍግ ልመልስ ቢል 40 ኩንታል ያህል ፍግ ያስፈልገዋል፤ ያውም ምንም ሳይባክን። በዩሪያ ከሆነ አንድ ኩንታል ከሰላሳ ኪሎ ይበቃል። ዩሪያ ውስጥ ከመቶው 46 እጁ ናይትሮጅን ነው።

40 ኩንታል ፍግ ከየት ይመጣል? ደጋ ላይ ያደገ ሰው ያውቀዋል። የከብቱ እበት ማሳ አይደርስም። ጠፍጥፈን፣ በግድግዳ ላይ ለጥፈን፣ ኩበት አድርገን እናነደዋለን። እንጨት የለማ። እናቴ እንጀራ የምትጋግርበት እሳት የመሬቱ ምግብ ነበር። ልጅ ሆኜ ኩበት ለቅሜያለሁ፤ ከማሳው ላይ የአፈሩን ቀለብ እየለቀምኩ መሆኑን ግን ማንም አልነገረኝም። ቢነገረኝስ? ሌላ ማገዶ አልነበረንም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር ልስጥ። ኤሌክትሪክ ሁሉም ገጠር ደርሶ እናቶች በምጣድ መጋገር ቢችሉ ኩበቱ ወደ ማሳ ይመለሳል። እሳቸው ይህን አላነሡትም እንጂ ከሁሉም የተሻለው መከራከሪያቸው ይህ ይሆን ነበር። ያም ሆኖ ፍጉ ብቻውን አይበቃም። ከብቱ የሚበላው ሣርና ገለባ የበቀለው በዚያው መሬት ነው። ፍግ ያለውን ናይትሮጅን መልሶ ያዞራል እንጂ በራሱ አዲስ አይጨምርም።

«በፍግ ብቻ» የሚለውን ሐሳብ አንድ ሙሉ አገር ሞክሮታል። ስሪ ላንካ። በ2021 የጸደይ ወራት መንግሥት ፋብሪካ ሠራሽ ማዳበሪያ እንዳይገባ ባንድ ጊዜ ከለከለ። በተፈጥሮ ማዳበሪያ ብቻ እናርሳለን ተባለ። ሐሳቡ ያማረ ነበር። ከዚያ በፊት አገሪቱ በሩዝ ራሷን የቻለች ነበረች። የሩዙ ምርት በጣም ወረደ፣ ዶላር የሚያመጣላት ሻይም ቀነሰ። በኖቬምበር ክልከላው ላላ፤ ግን ወቅቱ አልፏል። ሩዝ ከውጭ መግዛት ግድ ሆነ። በጁላይ 2022 ሕዝቡ ቤተ መንግሥት ገባ፣ ፕሬዚዳንቱ ከአገር ሸሹ። ሁሉንም በማዳበሪያ ላይ አላላክክም። ዕዳ ነበረ፣ በኮቪድ ምክንያት ቱሪስት ጠፍቶ ነበር፣ የውጭ ምንዛሪ አልቆ ነበር። ግን ቀድሞውኑ በቋፍ ላይ የነበረን አገር ገፍቶ ከጣሉት ነገሮች አንዱ ያ ክልከላ ነው።  

ተቃራኒውን ምሳሌ ከቻይና ልውሰድ። ከ1959 እስከ 1961 በነበረው ረሃብ እዚያ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ አልቋል። በ1972 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ቤጂንግ ሄዱ። ዓለም ሁሉ ያየው የመሪዎቹን እጅ መጨባበጥ ነው። ከዚያ ጉብኝት በኋላ ቻይና ካደረገቻቸው የመጀመሪያ ትልልቅ ግዢዎች አንዱ ግን 13 ግዙፍ የአሞኒያ፣ ማለትም ዩሪያ የሚሠራበት የናይትሮጅን ጋዝ፣ እና የዩሪያ ፋብሪካዎች ነበሩ። ረሃቡን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች የገዙት ማዳበሪያ የሚሠራ ብረት ነው።

አራተኛው ነጥብ የጸሐፊው ጠንካራ ነጥብ ነው። «ማዳበሪያ ፋብሪካው ራሱ ያለ ኤሌክትሪክ አይሠራም፤ ስለዚህ መሠረቱ ኤሌክትሪክ ነው።»

ይህን ለመመለስ ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ማወቅ ያስፈልጋል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንላለን። ናይትሮጅን ማለት እሷ ናት። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ከእያንዳንዱ ሄክታር ማሳ በላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቶን ተንሳፍፎ አለ። ተክሉ ግን አይነካውም። ሁለቱ የናይትሮጅን አተሞች አጥብቀው ስለተያያዙ የሚለያያቸው መብረቅ ወይም እነዚያ የባቄላ ሥር ባክቴሪያዎች ናቸው። ሰው ለብዙ ሺህ ዓመት ከሰማይዋ ላም ሥር ቆሞ ተርቧል።

በ1898 እንግሊዛዊው ኬሚስት ዊልያም ክሩክስ ብሪስቶል ከተማ ላይ ለሳይንቲስቶች ንግግር አደረጉ። ስንዴ የሚበሉ አገሮች ጥቂት አሥርት ዓመታት ቆይተው ይራባሉ አሉ። አውሮፓ ያኔ ማሳዋን የምታዳብረው ከቺሊ በረሃ በሚመጣ ጨው ነበር፤ ከዚያ በፊት ደግሞ በፔሩ ደሴቶች ላይ በተከመረ የወፍ ኩስ። ሁለቱም ያልቃሉ። መፍትሔውን ከኬሚስቶች ጠብቁ አሉ።

መጀመሪያ የተሞከረው ኤሌክትሪክ ነው። ይህን ጸሐፊው ቢያውቁት ደስ ይላቸው ነበር። በ1905 ኖርዌይ ውስጥ ኖቶደን በተባለ ቦታ ከፏፏቴ በመነጨ ኤሌክትሪክ ሰው ሠራሽ መብረቅ ፈጥረው ናይትሮጅንን ከኦክስጅን ጋር አዋሐዱት። ሠራ። ግን የሚበላው ኤሌክትሪክ ለጉድ ነበር። እንደ ኖርዌይ የተትረፈረፈ ፏፏቴ ለሌለው አገር አያዋጣም። ቆይቶ ኖርዌዮቹ ራሳቸው ተዉት።

ያሸነፈው የጀርመኖቹ መንገድ ነው። ፍሪትዝ ሃበር ጁላይ 2 ቀን 1909 ካርልስሩኸ ላይ ናይትሮጅንና ሃይድሮጅንን በከባድ ግፊትና ሙቀት አዋሕዶ አሞኒያ ጠብ ጠብ ሲል ለእንግዶቹ አሳየ። ካርል ቦሽ ያንን ጠብታ ፋብሪካ አደረገው። ከ150 የአየር ግፊት በላይ፣ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሙቀት የሚችል ብረት ከዚያ በፊት ማንም አልሠራም ነበር። የመጀመሪያዎቹ በርሜሎች ፈነዱ። አልዊን ሚታሽ የተባለው ባልደረባው ደግሞ ውሕደቱን የሚያፋጥን ማዕድን ሲፈልግ በሺዎች የሚቆጠሩ ሙከራዎች አደረገ። በመጨረሻ የተሳካለት ከስዊድን በመጣ የብረት ድንጋይ ነው። በ1913 ኦፓው ላይ ፋብሪካው ሥራ ጀመረ። ዛሬ ዓለም በዓመት 180 ሚሊዮን ቶን ገደማ አሞኒያ ይሠራል። ዘዴው በመሠረቱ ያው ነው። ከምድር ሕዝብ ግማሽ ያህሉ የሚበላው ከዚህ በመጣ ናይትሮጅን እንደሆነ ይገመታል። ግማሽ! ይህን ቁጥር መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ምሳዬን እያየሁ ቆየሁ።

አሁን ወደ ክርክሩ። ፋብሪካው ኤሌክትሪክ ይፈልጋል? አዎ። ግን ጥሬ ዕቃው ኤሌክትሪክ አይደለም፤ በአብዛኛው የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ሃይድሮጅኑ የሚገኘው ከጋዝ ነው። ለዚህም ምስክሬ አውሮፓ ናት። በ2021 መጨረሻና በ2022 የጋዝ ዋጋ ሲሰቀል ብዙ የአውሮፓ ማዳበሪያ ፋብሪካዎች ሥራ አቆሙ ወይም ቀነሱ። መብራቱ በርቷል፣ ሠራተኛው አለ፣ ፋብሪካው ግን ቆሟል። በፌብሩዋሪ 2022 የዩክሬን ጦርነት ተጨመረበት። ሩሲያ ከማዳበሪያ ላኪዎች ግንባር ቀደሟ ናት። በ2020 ከ300 ዶላር በታች የነበረው አንድ ቶን ዩሪያ በ2022 የመጀመሪያ ወራት ከ900 ዶላር አለፈ። ያ ዋጋ ቢቸናም ደብረ ማርቆስም ደርሷል። ያን ዓመት ምን ያህል ገበሬ ግማሽ ግማሽ እያደረገ እንደበተነ ከገጠር ዘመድ ያለው ሰው ይጠይቅ።

ኤሌክትሪክና ማዳበሪያ ጠላት አይደሉም፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር እንገናኛለን። ውኃን በኤሌክትሪክ ሰንጥቆ ሃይድሮጅን ማግኘት ይቻላል። ግብፅ ይህን በዓባይ ውኃ አድርጋዋለች። በ1960ዎቹ አስዋን ላይ ያለው ፋብሪካ ከዓባይ በመነጨ ኤሌክትሪክ ማዳበሪያ ይሠራ ነበር። በእኛው ውኃ ስንዴያቸውን አብልተዋል። ታዲያ የእኛስ ግድብ? ኤሌክትሪኩ ለመብራት፣ ለፋብሪካና ለጎረቤት አገር ሽያጭ ተብሎ ሲነገር ሁሌ እሰማለሁ። ከሱ ውስጥ ጥቂቱ እንኳ ዩሪያ ቢሆን ብሎ የሚናገር ግን ብዙ አልሰማሁም። ውድ ነው፤ አውቃለሁ። በጋዝ መሥራት ዛሬም ይረክሳል። ግን ውድ የሆነውን በጅቡቲ በኩል በዶላር ከምናስገባው ጋር አወዳድሮ የሚነግረኝ ባለሙያ ብሰማ ደስ ይለኛል። አገራችን በቅርብ ዓመታት በየዓመቱ ወደ 20 ሚሊዮን ኩንታል የሚጠጋ ማዳበሪያ ከውጭ ገዝታለች። ሁሉም የሚገባው በመርከብ ነው፤ አብዛኛውም በአንድ ወደብ።

አገር ውስጥ ለመሥራት መታሰቡ አዲስ አይደለም። ያዩ ላይ ተጀመረ፤ አልተጠናቀቀም። በ2016 ከሞሮኮው የማዳበሪያ ኩባንያ ኦሲፒ ጋር ለድሬዳዋ ስምምነት ተፈረመ፤ ፋብሪካው ግን አልተሠራም። በኦገስት 2025 ደግሞ ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ኩባንያ ጋር ጎዴ ላይ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመሥራት ተፈረመ። ጋዙ ሶማሌ ክልል ካሉት ከካሉብና ከሂላላ የጋዝ ቦታዎች ነው የሚመጣው። ይህኛው እንዲያልቅ ከልቤ እመኛለሁ። ስለ ግድቡ ቦንድ የገዛን፣ በየቀኑ «ስንት በመቶ ደረሰ?» ስንል የነበርን ሰዎች ስለዚህ ፋብሪካም እንደዚያው ብንጠይቅ እወዳለሁ።

አምስተኛው ነጥብ፣ «ዓለም በቂ ምግብ አላት፣ ችግሩ ክፍፍል ነው» የሚለው፣ እውነት ነው። ብዙ ምግብ ይጣላል። ጦርነትና ድህነት ሰው ያስርባሉ። ግን «በቂ» የተባለው ምግብ ከየት መጣ? በዩሪያ የተገኘውን ቆጥረን ነው በቂ ያልነው። ግማሹን ብናወጣ የሚከፋፈለውም አይኖርም።

ጸሐፊው ያላነሡት፣ እኔ ግን ልዘለው የማልፈልገው ነገር አለ። ይህ ማዳበሪያ ንጹሕ ታሪክ የለውም። ያው ሃበር በኤፕሪል 1915 ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር ላይ ወታደሮች በክሎሪን ጋዝ ሲታፈኑ ሥራውን የመራ ሰው ነው። ያው ፋብሪካ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለፈንጂ የሚሆን ናይትሬት አምርቷል። በሴፕቴምበር 1921 ራሱ የኦፓው ፋብሪካ ፈንድቶ ከ500 በላይ ሰው ገደለ። በኦገስት 2020 ቤይሩትን ያወደመው በግዴለሽነት የተከማቸ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት፣ ማለትም ከአሞኒያ የሚሠራ ማዳበሪያ ነው። ቤይሩት ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን እህቶቻችን ያን ቀን አይተውታል።

መሬታችንም ላይ ጉዳት አለ። ጎጃምና ወለጋ ላይ አፈሩ አሲዳማ እየሆነ ነው። አንዱ ምክንያት ዝናብ የሚያጥበው አፈር ነው፣ አንዱ ደግሞ ለዓመታት አንድ ዓይነት ማዳበሪያ መደጋገም። ለረጅም ጊዜ ምክሩ ለሁሉም ቦታ አንድ ነበር፤ በሄክታር ዳፕ ከሚባለው ማዳበሪያ አንድ ኩንታል፣ ከዩሪያ አንድ ኩንታል። አፈሩ ምን እንደጎደለው የጠየቀ አልነበረም። በ2012 የአፈር ካርታ ሥራ ሲጀመር ነው ድኝም፣ ቦሮንም፣ ሌላም እንደሚጎድል በደንብ የታየው። አሲዳማ አፈር ኖራ ይፈልጋል፤ ኖራውም በበቂ አይደርስም። «ኬሚካሉ አበላሸው» የሚሉ ሰዎችን የምረዳቸው እዚህ ላይ ነው። ሐዘናቸው እውነት ነው። ግን የታመመ ሰው መድኃኒቱ አልተስማማውም ተብሎ ምግብ አይከለከልም። መጠኑን ማስተካከል፣ ኖራ መጨመር፣ ባቄላውን መመለስ፣ ኩበቱን ከእሳት ማዳን። ይህ ሁሉ ከዩሪያው ጋር እንጂ በዩሪያው ፋንታ አይደለም።

ወዳጄ ይህን ረቂቅ ካነበበ በኋላ «ታዲያ ምንም አልተለያያችሁም፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ» አለኝ። ያስፈልጋሉ። ግን ጥያቄው «ከሁሉ በላይ» የሚል ነበር። እኔ የምለካው በአንድ ነገር ነው። ሲቋረጥ ምን ያህል መቆየት ይቻላል? ሲመለስስ ያመለጠው ይካካሳል? በሁለቱም የመብራት መጥፋት ይሻላል፤ የማዳበሪያ መጥፋት ይብሳል።

አጎቴ አሁን ሰባ አልፎታል። ቤቱ ጣሪያ ላይ ትንሽ ሶላር አለችው፤ ስልኩን ይሞላባታል፣ ማታ አምፖል ያበራባታል። በየዓመቱ ግንቦት ላይ ይደውልልኛል። እኔ ከተማ ስለምኖር ወሬ ሁሉ የሚደርሰኝ ይመስለዋል። ስለ ጤናዬ ይጠይቃል፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቃል፣ የሰፈሩን ለቅሶና ሠርግ ይነግረኛል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዋናውን ነገር ያመጣል።

«እንደው ልጄ፣ መርከቡ ጅቡቲ ገባ ይሉሃል ወይስ ገና ነው?»